ልጁ ደህና ከተገኘ ሹፌሩ ለምን ይባረራል?

አንድ አባት ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ጽፈውልኛል። ለዓመታት ኡበር ሲነዱ ቆይተው አሁን ስኩል ባስ ለመንዳት አስበዋል። ያስፈራቸው የጓደኛቸው ነገር ነው። አንድ ሕፃን ወንበር ላይ እንቅልፍ ይዞት ሳይታይ ቀርቶ አውቶብሱ ከነልጁ ማቆሚያ ግቢ ገባ። ልጁ ምንም ሳይሆን ተገኘ፤ ጓደኛቸው ግን ተባረሩ። «ልጁ ደህና ከሆነ ይህ ግፍ አይደለም ወይ? ልግባበት ወይስ ልተወው?» ይላሉ።

ወንድሜ፣ ለጓደኛዎ ከልቤ አዝናለሁ፤ ቅጣቱ ግን ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ሹፌሩ የተጠየቀው ልጁ ላይ ለደረሰው ጉዳት ሳይሆን፣ ሳያይ በመውረዱ ነው። ከየጉዞው በኋላ እስከ መጨረሻው ወንበር ሄዶ ማየት የሥራው ግዴታ ነው። ብዙ አውቶብሶች ሞተር ሲጠፋ የሚጮህ ማንቂያ አላቸው፤ ዝም የሚለው ከኋላ ያለው ቁልፍ ሲነካ ነው። ሥራውን የለመደ ሰው ፊት ለፊቱን ብቻ እያየ ሄዶ ቁልፉን ይጫንና ይመለሳል፤ አደጋው እዚያ ላይ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ እንቅልፍ ሲወስደው ቀጥ ብሎ አይቀመጥም። ተንሸራቶ ከመደገፊያው ጀርባ ይሰወራል፤ አንዳንዴም ወለል ላይ ቦርሳውን ታቅፎ ይገኛል። ሲሄዱ ግራና ቀኝ ወንበሮቹን፣ ሲመለሱ ጎንበስ ብለው ከሥር ይዩ። የጥር ብርድ ወይም የሰኔ ሙቀት የተዘጋ አውቶብስ ውስጥ ሕፃን ይገድላል።

ልጅ ካገኙ ወዲያው በሬድዮ ለዲስፓች፣ ማለትም ለስምሪት ክፍሉ፣ ይናገሩ። በዝምታ ቤቱ አድርሼው ልምጣ ማለት ፈጽሞ አይሞከርም። ካሜራው ይቀዳል፣ ልጁም ለእናቱ ይነግራል፤ ያኔ በስህተቱ ላይ መደበቅ ይጨመርበታል።

ከእኛ ሰው ጋር ስሠራ ደጋግሜ የማነሳው ሌላ ነገር አለ። እኛ ያደግነው የጎረቤት ልጅ ሲያጠፋ ቆጥተን፣ ጆሮውን ቆንጥጠን ነው፤ ወላጁም ያመሰግናል። እዚህ ተማሪን በቁጣ መንካት ሥራዎን ያሳጣዎታል፤ ፍርድ ቤትም ሊያቆምዎ ይችላል። የረበሸን ልጅ ከፌርማታው ውጭ ማውረድም እንዲሁ። ቃለ መጠይቅ ላይ «ሁለት ልጆች ቢደባደቡ ምን ያደርጋሉ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። አስተማማኝ ቦታ አቆማለሁ፣ የእጅ ፍሬን እይዛለሁ፣ ቁልፉን እነቅላለሁ፣ በቃል አረጋጋለሁ፣ ለዲስፓች እደውላለሁ፣ ስደርስ ሪፖርት እጽፋለሁ ይበሉ። ተማሪውን የሚቀጣው ርዕሰ መምህሩ ነው፤ የእርስዎ ድርሻ ያዩትን መጻፍ ነው።

ስልክ ነገር አንድ ቃል። በኖቬምበር 2016 ቻታኑጋ፣ ቴነሲ ውስጥ የስኩል ባስ ሹፌር ስልክ እያወራ፣ ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ሲነዳ አውቶብሱ ተገልብጦ 6 ሕፃናት ሞቱ፤ ሹፌሩም ተፈረደበት። ቅዳሜና እሁድ ኡበር መንዳትዎን ከቀጠሉ ደግሞ ይህን ይወቁ፦ ሲዲኤል፣ ማለትም አውቶብስ የሚያስነዳው የንግድ መንጃ ፈቃድ፣ ያለው ሰው በራሱ መኪናም ቢሆን በትራፊክ ጥፋት ጥፋተኛ ከተባለ፣ ከፓርኪንግ ቅጣት በቀር፣ በ30 ቀን ውስጥ ለአሠሪው ማሳወቅ አለበት። አውቶብሱን ሲነዱ በደም ውስጥ የአልኮል ወሰኑም 0.04 በመቶ ነው፣ የሌላው ሹፌር ግማሽ። ማታ ሰርግ ላይ የጠጡት ንጋት ላይ ሊገኝብዎ ይችላል። ማሪዋና ቨርጂኒያ ብትፈቅድም ለዚህ መንጃ ፈቃድ አይሠራም፤ በምርመራ ከተገኘብዎ ከ2020 ጀምሮ በሚሠራው የፌዴራል መዝገብ ይገባል፤ ሌላ ካውንቲ (የአካባቢ አስተዳደር) ሲያመለክቱም ያዩታል።

ይግቡበት ነው የምለው። ለዓመታት ሰው ጭነው የነዱ ነዎት፤ ብዙ ካውንቲዎችም ለሲዲኤል ሥልጠናው ራሳቸው ይከፍላሉ። ከመፈረምዎ በፊት ግን የሠራተኞች መመሪያውን ጠይቀው ቤትዎ ያንብቡት። የሙከራ ጊዜው ስንት ወር እንደሆነ፣ ቅሬታ ለማን እንደሚቀርብ፣ ሕፃናትን ፌርማታ ላይ የሚቀበል ሰው ካልመጣ ምን እንደሚደረግ ይፈልጉ። የመጨረሻው ካልተጻፈ ሱፐርቫይዘሩን ጠይቀው መልሱን በኢሜይል ይቀበሉ።