ስክሪኑ የሚጠቁረው ራም አንሶ አይደለም

ከሐዋሳ የጻፍክልን ወንድማችን፣ ችግርህ ባጭሩ ይህ ነው። በምትሠራበት የግል ትምህርት ቤት ኡቡንቱ 22.04 የሚባለው ሊኑክስ የተጫነበት ሰርቨር አለ። ከሌላ ኮምፒውተር በሪሞት ዴስክቶፕ ለመግባት የሚያስችለው ኤክስአርዲፒ ተጭኖበታል። መምህራን ካሉት አሮጌ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች በሪሞት ዴስክቶፕ እየገቡ ፈተና ይጽፋሉ። ጠዋት ሰርቨሩ እንደተነሳ ይሠራል። ከሰዓት ግን ፓስወርዱን ተቀብሎ ስክሪኑ ይጠቁራል። አንዳንዴ ደግሞ አንዱ ሲገባ ሌላው ይባረራል። ባለሙያ ጠርታችሁ ራም አስጨመራችሁ፣ የሆም ፎልደሩንም ፈቃድ 777 አደረገው፤ ለውጥ የለም።

እኔን የያዘችኝ "አንዱ ሲገባ ሌላው ይባረራል" ያልካት ናት። ራም ሲያንስ ብዙውን ጊዜ ማሽን ይንቀራፈፋል እንጂ አንዱ በገባ ቁጥር ሌላውን አያባርርም። ግምቴ፣ ሁላችሁም የምትገቡት በአንድ የተጠቃሚ ስም ነው። ሰርቨሩ ጋ ሄዶ ፕሪንት የሚያደርገውም ሰው በዚያው ስም ከፍቶ ትቶት ይሄዳል። ስክሪኑ ሲጠቁር በኤስኤስኤች (ከሩቅ ሆኖ ትእዛዝ ለመጻፍ በሚያስችለው የተመሰጠረ መስመር) ግባና ሎግኢንሲቲኤል በሚባለው ትእዛዝ የተከፈቱትን ሴሽኖች፣ ማለትም ማን ገብቶ እንዳለ፣ ዘርዝር። ያው ስም "ሲት ዜሮ" ከሚል ቃል ጎን ከታየ፣ ሰርቨሩ ላይ ባለው ስክሪን ተከፍቷል ማለት ነው። ጥፋተኛው ተገኘ።

ወደ ጥገናው ሳትገባ ግን አንድ ነገር ዛሬውኑ አድርግ። ርእሰ መምህሩ ከቤት እንዲገቡ ተብሎ ራውተሩ ላይ የሪሞት ዴስክቶፕ መግቢያ የሆነው ፖርት 3389 ተከፍቷል፣ ፋየርዎሉም ጠፍቷል ብለሃል። ፖርቱን ዝጋው፣ ፋየርዎሉን አብራው። ይህን ፖርት ቀን ከሌት እየፈለጉ ፓስወርድ የሚሞክሩ ፕሮግራሞች ኢንተርኔቱን ሞልተውታል። አንዱ ከገባ የፈተናውም የውጤቱም ፋይል በእጁ ነው።

አሁን ለምን እንደሚጠቁር ልንገርህ፤ ይቺ ከገባችህ ሌላው ሁሉ ይቀልሃል። ኡቡንቱ ላይ ሲስተምዲ (ሌሎቹን ፕሮግራሞች የሚያስነሳውና የሚያስተዳድረው) ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ አንድ የመነጋገሪያ መስመር ይዘረጋል፤ ዲ-ባስ ይባላል። በአንድ ስም ሁለቴ ብትገባም መስመሩ ያው አንድ ነው። የዴስክቶፑ ክፍሎች፣ ፓነሉም ሴቲንጉም፣ እርስ በርስ የሚነጋገሩት በዚህ ነው። የኡቡንቱ ዴስክቶፕ የሆነው ግኖም ሲነሳ "የዚህ ሰው ሴሽን አስተዳዳሪ እኔ ነኝ" ብሎ መስመሩ ላይ ይመዘገባል። በዚያ ስም መመዝገብ የሚችለው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ከሩቅ የመጣው ሁለተኛው ግኖም ቦታው ተይዞ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ይዘጋል፣ ወይም ባዶ ስክሪን ትቶ ይቆማል። አንተ የምታየው ጥቁር እሱ ነው። ስክሪኑ አለ፤ የሚስልበት ዴስክቶፕ ግን አልተነሳም።

መባረሩም ከዚሁ በአንድ ስም ከመግባት ይመጣል። ኤክስአርዲፒ ነባሩን ሴሽን የሚለየው በተጠቃሚ ስምና በቀለም ጥልቀት ነው። ሁለቱ ከተመሳሰሉ አዲስ አይከፍትም፤ ያለውን ለአዲሱ መጪ ያስረክባል። የኬሚስትሪ መምህሩ የሒሳቧን መምህርት ፈተና ተከፍቶ ያገኘዋል ማለት ነው። አንዱ ኮምፒውተር በ16 ቢት ቀለም ሌላው በ32 ቢት ቀለም ከገባ ደግሞ ሁለተኛ ሴሽን ይከፈትና ያው ጥቁሩ ይመጣል።

የኤክስአርዲፒ ማስነሻ ፋይል ላይ የዲ-ባሱን አድራሻ የሚያጠፋ መስመር ጨምር የሚሉህ አሉ። ስክሪኑ ይበራል፤ ግን አንድ ሰው በሁለት ዴስክቶፕ ተመሳሳይ ፋይልና ሴቲንግ ላይ ሲጽፍ ሌላ ጣጣ ይጀምራል። አልመክርህም።

ጥገናው ይህ ነው። መጀመሪያ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለ ዴስክቶፕ ጫን፤ ለርቀት ሥራ ግኖም ይከብዳል። ሰርቨሩ ላይ ኢቲሲ በሚባለው የሴቲንግ ፎልደር ስር "ስኬል" የሚባል ፎልደር አለ። እዚያ ውስጥ በነጥብ የሚጀምር "ኤክስሴሽን" የሚባል ፋይል ፍጠርና ኤክስኤፍሲኢን የሚያስነሳውን አንድ መስመር ጻፍበት። ከዚያ በኋላ የምትፈጥረው ተጠቃሚ ሁሉ ፋይሉን ይዞ ይወለዳል። ቀጥለህ ለእያንዳንዱ መምህር የራሱን ስም ክፈት። ሰርቨሩ ስክሪን ላይ የሚከፈተው ስም ለብቻው ይሁን፤ በሪሞት አይገባበትም። ፋይሎቹን ለየባለቤቱ አስተላልፍና የድሮውን የጋራ ስም ቆልፍ።

ያ ባለሙያ የሆም ፎልደሩን 777 ማድረጉ፣ ማለትም ማንም እንዲያነበውና እንዲጽፍበት መፍቀዱ፣ አናዶኛል። ችግር ያልገባው ሰው ሁሌ የሚሮጠው ወደዚያ ነው። የአስተዳዳሪው ሆም ፎልደርም 777 ከሆነ ኤስኤስኤች ቁልፍህን (በፓስወርድ ፋንታ የምትገባበትን ፋይል) አይቀበልም፤ ባለቤቱ ብቻ እንዲጽፍበት ወደ 750 መልሰው። ይህን ካስተካከልክ ርእሰ መምህሩ በኤስኤስኤች ዋሻ ይገባሉ፦ የቤታቸው ኮምፒውተር የራሱን ፖርት 3390 ከሰርቨሩ ፖርት 3389 ጋር ያገናኛል፣ ሪሞት ዴስክቶፑ ወደ ራሳቸው ማሽን 3390 ይደውላል። ወይም ዋየርጋርድ የሚባለውን ቪፒኤን ጫን። 3389 ግን ራውተሩ ላይ በፍጹም አይከፈት፣ ለአንድ ቀንም ቢሆን።

አማርኛ መጻፊያው ካልመጣ አይባስ የሚባለው የመጻፊያ ፕሮግራም በኤክስኤፍሲኢ ሴሽን ሲጀመር አብሮ እንዲነሳ አድርግ። ኬብሉንም እየው። ገበያ ላይ ካት 6 የኔትወርክ ኬብል ተብሎ ከሚሸጠው ውስጥ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም አለ። ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርገው፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ ቀይረው፤ መስመሩ መሀል ላይ የሚቆራረጥ ከሆነ በእሱም ሊሆን ይችላል።

ሰርቨሩንና ስዊቹን ዩፒኤስ ላይ አድርግ። መምህራኑ ክፍል መብራት ቢጠፋ ሴሽኑ ሰርቨሩ ላይ ይቆያል፤ ሲመለስ መምህሩ ካቆመበት ይቀጥላል። ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም ከጠቆረ ሴሽን የሚከፍተውን የኤክስአርዲፒ ክፍል፣ የሴስማንን፣ ሎግ የመጨረሻ መስመሮች ላክልኝ። ፖርቱን ዘግተህ።