ቦት ጫማ ሲገዙ ከቆዳው በፊት የሶሉን አያያዝ ይመልከቱ

ጠያቂያችን ያነሡት ጉዳይ በአጭሩ ይህ ነው፦ በሥራቸው ጠባይ ቀኑን ሙሉ ቆመውና ተራምደው ይውላሉ፤ በየዓመቱ የቆዳ ቦት ጫማ ይገዛሉ፤ ዓመት ሳይሞላውም ወይ ሶሉ ይላቀቃል ወይ ቆዳው መታጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የትኛው ዓይነት ቆዳ እንደሚበረክት፣ ምን መቀባት እንደሚገባ፣ አሁን ሶሉ አፉን የከፈተው ጫማቸውም መጠገን ይገባው እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ ጫማ ሰፊ አይደለሁም። በመሬት ቅየሳ ሥራ 14 ዓመት ስዞር ካበላሸኋቸውና ካቆየኋቸው ጫማዎች የተማርኩትን ነው የምጽፈው።

ብዙዎቻችን ጫማ ስንመርጥ ቆዳውን ዳስሰን፣ አሽትተንና አገላብጠን እናበቃለን። እኔም ለዓመታት እንደዚያ አድርጌያለሁ። ነገር ግን ከጣልኳቸው ጫማዎች መካከል ቆዳው አልቆ የተጣለው ጥቂት ነው፤ የሚበዙት የተጣሉት የላይኛው ቆዳ ገና ጤነኛ ሆኖ ሳለ ከሶሉ ጋር የተያያዘበት ቦታ ስለተሸነፈና እንደገና ሊያያዝ ስላልቻለ ነው። ሶል መቼም ማለቁ አይቀርም፤ ዋናው ነገር ባለቀ ጊዜ ሊቀየር መቻሉ ነው። በእኔ አስተያየት ጠያቂያችን በየዓመቱ ለመግዛት የተገደዱት ይበልጡን በቆዳው ጥፋት ሳይሆን አንዴ ካለቀ የማይጠገን ጫማ እየመረጡ ነው።

ሶል ከላይኛው ቆዳ ጋር የሚያያዝባቸው የተለመዱ መንገዶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው በማስቲሽ ብቻ መለጠፍ ነው፤ ጫማውን ቀላልና ርካሽ ያደርገዋል፣ ነገር ግን ሙቀት፣ እርጥበትና በየዕለቱ መታጠፍ ሲደራረቡበት ብዙውን ጊዜ ከጫፉ መከፈት ይጀምራል። ሁለተኛው ብሌክ የሚባለው ስፌት ነው፤ ክሩ ከጫማው ውስጥ ተነሥቶ በቀጥታ እስከ ታችኛው ሶል ይወርዳል። ጫማው ቀጠን ብሎ ያምራል፤ ይሁን እንጂ ሶሉ ሲሳሳ ውኃ በመርፌው ቀዳዳ በኩል ሽቅብ ይገባል፤ ለእርጥብ መሬት አልመርጠውም። ሦስተኛው ዌልት የሚባለው ቀጭን ጠፍር ያለበት አሠራር ነው። ጠፍሩ በጫማው ዙሪያ ከላይኛው ቆዳና ከውስጠኛው ሶል ጋር ይሰፋል፤ የታችኛው ሶል ደግሞ የሚሰፋው ከጠፍሩ ጋር ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ሶሉ ባለቀ ጊዜ ሰፊው የውጭውን ክር ቆርጦ አሮጌውን ያነሣና የላይኛውን ቆዳ ሳይነካ አዲስ ይሰፋል። እኔ አሁን የማደርገው ጫማ በዚህ መንገድ ሁለት ጊዜ ሶል ተቀይሮለታል፤ የላይኛው ቆዳ ግን ያው የመጀመሪያው ነው።

ይህን ስፌት በማሽን መሥራት የተቻለው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን ጉድይር ዌልት የተባለውም ማሽኑን ለገበያ ባበቃው በልጅየው ቻርልስ ጉድይር ስም ነው። በስም የሚመሳሰለው አባቱ እ.ኤ.አ. በ1844 ጎማን በድኝና በሙቀት የማጠንከሩን ዘዴ በስሙ ያስመዘገበው ሰው ነው። ብዙ ሰው ስሙን ጉድይር ከተባለው የመኪና ጎማ ፋብሪካ ጋር ያያይዘዋል፤ ፋብሪካው ግን አባትየው ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ ሌሎች አቋቁመው ስሙን የተዋሱት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማታለያ አለ። አንዳንድ ጫማ ዙሪያውን ወፍራም ክር ይታይበታል፤ ክሩ ግን ለጌጥ የተሰፋ ነው፤ ሶሉን የያዘው ማስቲሽ ብቻ ነው። እኔ ጫማውን ገልብጬ ከላይ ያየሁት ስፌት ከታችም በሶሉ ላይ በተቦረቦረ መስመር ውስጥ መውጣቱን አያለሁ። ስፌቱ በመካከለኛው ሶል ላይ ቆሞ የታችኛው ጎማ ከሥር የሚለጠፍበት አሠራርም ስላለ ከታች ክር ባለማየትዎ ብቻ አይጣሉት፤ ጎኑን በደንብ ይዩና ንጣፎቹን ይቁጠሩ።

ስለ ሶሉም አንድ ነገር ልጨምር። ከዓመታት በፊት ለክፉ ቀን ብዬ አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ አስቀምጬ ነበር። ባወጣሁት ዕለት መቶ እርምጃ እንኳ ሳልሄድ ከተረከዙ በኩል እንደ አፈር ጓል ይፈረፈር ጀመር፤ በጣቴ ስጫነው ወደ ውስጥ ገባ። በኋላ እንደተረዳሁት ሶሉ የተሠራው ፖሊዩሬቴን ከተባለ የፕላስቲክ ዓይነት ነበር። ይህ ቁስ በአየር ውስጥ ካለው እርጥበት ጋር ቀስ በቀስ እየተዋሐደ ይበሰብሳል፤ ጫማው ቢደረግም ባይደረግም ሂደቱ አይቆምም። ቀላልና ለእግር ምቹ ስለሆነ ለዕለት ተዕለት ሥራ አይጠላም፤ ነገር ግን ገዝቶ ለማስቀመጥ አይሆንም። ለረጅም ዕድሜ ጥርስ ያለውን የጎማ ሶል እመርጣለሁ። ይህ ዓይነቱ ሶል የመጣው ከተራራ ነው፦ ጣሊያናዊው ተራራ ወጪ ቪታሌ ብራማኒ እ.ኤ.አ. በ1935 ስድስት ባልደረቦቹ በብርድና በማዕበል ተይዘው ከሞቱ በኋላ፣ በሚስማር ከተመታው የቆዳ ሶል የተሻለ ፍለጋ ጀመረና ዛሬ ቪብራም የምንለውን የጎማ ሶል አወጣ።

አሁን ወደ ቆዳው ልምጣ። የከብት ቆዳ ወፍራም ስለሆነ ፋብሪካ ውስጥ በውፍረቱ ወደ ንጣፎች ይከፈላል። ጸጉር የነበረበት የላይኛው ገጽ ጥቅጥቅ ያለ፣ ውኃንና ፍትጊያን የሚቋቋም ነው፤ ከሥሩ ያለው ንጣፍ ግን ላላ ያለ ነው። ገጹ ሳይፋቅ የቀረው ቆዳ ፉል ግሬይን ይባላል፤ ትንንሽ ጠባሳና የነፍሳት ንክሻ ሊታይበት ይችላል፤ እኔ እንደ ጉድለት አላየውም፣ እንዲያውም ያልተፋቀ ለመሆኑ ምልክት ነው። ነውሩን ለመሸፈን ገጹ ተፍቆ በቀለምና በፕላስቲክ ሽፋን የተለበጠ ቆዳ ደግሞ በሱቅ መብራት እንደ መስታወት ያበራል፤ ሽፋኑ ግን መታጠፊያው ላይ ሲሰነጠቅ ቅባት ወደ ውስጥ ስለማይዘልቅ መዳኛ የለውም። የጠያቂያችን ጫማ የተሰነጠቀው በዚህ መንገድ ይመስለኛል። «እውነተኛ ቆዳ» የሚል ማኅተም ነገሩ ቆዳ መሆኑን እንጂ ከየትኛው ንጣፍ እንደተወሰደ አይናገርም። ለመለየት አውራ ጣትን ቆዳው ላይ ጫን ማድረግ ይረዳል፤ ባልተለበጠ ቆዳ ላይ ከጣቱ ዙሪያ ደቃቅ መስመሮች ይዘረጋሉ፣ ሽፋኑ የወፈረው ግን እንዳለ ስርጉድ ይልና ይመለሳል። የምላሱን የተቆረጠ ጠርዝ ማየትም ጥሩ ነው፤ እንደ ጥጥ የተንጨፈረረ ቆዳ ከላዩ ቀጭን ፕላስቲክ ተጋድሞበት ከታየ ጫማውን ቦታው ይመልሱ። ለሥራ በሚሆን ጫማ ላይ ከ2 ሚሊ ሜትር የሳሳ ቆዳ አልወስድም።

ጥሬው ቆዳ ስለሚለፋበት መንገድ ብዙ አልልም። ክሮም በሚባለው የማዕድን ጨው የለፋ ቆዳ ለስላሳና ውኃን የሚታገሥ ነው፤ በእጽዋት ታኒን የለፋው ግን መጀመሪያ ደረቅ ቢሆንም እየዋለ እያደረ የእግርን ቅርጽ ይይዛል፤ ለውስጠኛው ሶል እርሱን እመርጣለሁ።

ልኩን በተመለከተ፣ እግር ቀን ሙሉ ሲቆሙበት ስለሚያብጥ ጫማ ወደ ማታ ላይ፣ በሥራ ቀን በሚያደርጉት ካልሲ ቢለካ ይሻላል። የሁለት እግር ርዝመት እኩል ላይሆን ስለሚችል ለረዘመው ይግዙ። ማሰሪያውን ሳያስሩ እግርዎን እስከ ጫማው አፍንጫ ድረስ ሲገፉት ከተረከዝዎ ኋላ አንድ ጣት መግባት አለበት። ከርዝመቱ በላይ የሚረሳው ነገር የጫማው መታጠፊያ ነው፤ ጫማው የሚታጠፍበት ቦታ የእግርዎ ጣቶች ከሚታጠፉበት ቦታ ጋር ካልገጠመ ቆዳው በማይገባው ቦታ እየተሸበሸበ ቶሎ ይሰበራል፣ እግርዎም ይቆስላል። ቆዳ በወርዱ ጥቂት ይሰፋል፤ በርዝመቱ ግን አይጨምርም። ስለዚህ «ሲያደርጉት ይለቃል» የሚለውን የሻጭ ቃል ለወርድ እንጂ ለርዝመት አይቀበሉ።

እንክብካቤ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ቅባትን ነው። እኔ ግን ከቅባቱ ይልቅ ስለ አደራረቅ ብዙ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ያበላሸሁት ምርጥ ጫማ የተበላሸው በአንድ ሌሊት ነው። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ወንዝ ስንሻገር ጫማዬ ውኃ ሞላው። ማታ ከእሳቱ አጠገብ አስጠጋሁትና ተኛሁ። ጠዋት ሳነሣው አፍንጫው ወደ ላይ ተቀልብሶ፣ ምላሱ እንደ ጣውላ ደርቆ ነበር፤ እግሬን በግድ ገፍቼ አንድ እርምጃ ስራመድ ከአውራ ጣቴ በላይ ጠሽ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ስንጥቁ በዚያው ሳምንት ዳር እስከ ዳር ደረሰ። እርጥብ ቆዳ ሙቀትን አይችልም፤ በእጽዋት የለፋ ቆዳ እርጥብ ሳለ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ይኮማተራል፣ ከተኮማተረ ደግሞ በቅባትም በውኃም አይመለስም። በክሮም የለፋው ከዚህ የበለጠ ቢችልም፣ ፈጥኖ ሲደርቅ መጠንከሩና መሰባበሩ፣ ማስቲሹም መልቀቁ አይቀርም።

ከዚያ ወዲህ የማደርገው ይህ ነው። ጭቃውን በእርጥብ ጨርቅ እጠርጋለሁ፤ ማሰሪያውን ፈትቼ አወጣለሁ፣ ሶሌታውን ለብቻው አደርቃለሁ፣ ምላሱን ወደ ፊት እስበዋለሁ። ከዚያ ጋዜጣ ጨምድጄ እስከ አፍንጫው እሞላለሁ። የመጀመሪያው ጋዜጣ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ይርሳል፤ እሱን አውጥቼ ሌላ እተካለሁ፤ ከመተኛቴ በፊት ሦስተኛውን። ጫማውን የማስቀምጠው በጎኑ አጋድሜ ነው፤ በሶሉ ከቆመ ከሥሩ ያለው እርጥበት መውጫ ያጣል። ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ ይበቃዋል፤ ፀሐይም፣ ምድጃም፣ የጸጉር ማድረቂያም አያስፈልገውም። በደንብ ለራሰ ጫማ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል። ለዚህ ነው ሁለት ጫማ ማፈራረቅ የሚመከረው፤ ላብም ውኃ ነውና፣ የውስጠኛው እግር በላብ ዕጢ ብዛት ከሰውነት ክፍሎች ከቀዳሚዎቹ አንዱ ስለሆነ፣ በየቀኑ የሚደረግ ጫማ ዝናብ ባይነካውም ከውስጥ ሳይደርቅ ይነጋበታል።

ቅባቱን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፦ ይቀንሱ። ቆዳው መታጠፊያው ላይ ገርጥቶና ሻክሮ ከታየ፣ ወይም ጠብ ያደረጉት ውኃ ሳይንከባለል ወዲያው ከሰረገ ጊዜው ደርሷል፤ ለእኔ ይህ በደረቁ ወራት በየሦስት ወሩ፣ በዝናብ ወራት በየወሩ ገደማ ይሆናል። አስቀድሞ በብሩሽ አቧራውን ማራገፍ ግዴታ ነው፤ አሸዋ መታጠፊያው ውስጥ ከተቀመጠ እንደ ሞረድ ይፍቃል። ከዚያ ለቆዳ የተዘጋጀ ቅባት ወይም የንብ ሰም ያለበት ቅባት በጨርቅ ስስ አድርጎ ቀብቶ ማሳደር፣ ጠዋት የተረፈውን መወልወል ነው። ብዙ ቅባት የጠጣ ቆዳ ይልፈሰፈሳል፣ ይለጠጣል፣ ቁርጭምጭሚትን መደገፍ ያቅተዋል። የምግብ ዘይት ውሎ አድሮ ስለሚሸትና ስለሚያጣብቅ አይቀቡ። የጫማ ቀለም ደግሞ ገጹን ያሳምራል እንጂ ቆዳውን አይመግብም፤ በስፖንጅ የሚቀባው ፈሳሽ ቀለም በተለይ ሽፋን እየሠራ ስለሚሰነጠቅ እኔ ትቼዋለሁ። የላብ ጨው ነጭ ሆኖ ከወጣ ኮምጣጤና ውኃ እኩል ቀላቅሎ በጨርቅ መጥረግ ያስለቅቀዋል። የልብስ ሳሙና አይጠቀሙ፤ ቆዳ በተፈጥሮው ወደ አሲድ ያደላል፣ ሳሙናው ግን ተቃራኒው ነው። ሱዌድ የሚባለው፣ ገጹ ጸጉራም የሆነ ቆዳ ከሆነ ይህ ሁሉ አይመለከተውም፤ ቅባት ጸጉሩን ያስተኛዋል፣ ደረቅ ብሩሽ ይበቃዋል።

አፉን የከፈተውን ጫማ በሚመለከት፣ መጀመሪያ ሶሉን በጥፍርዎ ይቧጥጡት። ከተፈረፈረ ማስቲሽ የሚይዘው ነገር ስለሌለ ገንዘብዎን አያባክኑ። ጎማው ጤነኛ ከሆነ ቀጥሎ ጫማውን አጥፈው ስንጥቁን ከውስጥ በኩል ይመልከቱ፤ ገበሩ ድረስ ከዘለቀ አይጠገንም፤ ላይ ላዩን ብቻ ከሆነ ግን ለደረቅ ቀን ያገለግልዎታል። ሰፊው አሮጌውን ማስቲሽ ሙልጭ አድርጎ ፍቆ፣ ሁለቱንም ገጽ ቀብቶ፣ ጥቂት እስኪደርቅ ጠብቆ ካጣበቀ በኋላ ዙሪያውን በወፍራም ክር እንዲሰፋው ይጠይቁት። ሚስማር ልምታ ቢልዎት እሺ አይበሉ፤ ሚስማሩ ይዝጋል፣ በቀዳዳውም ውኃ ይገባል። ታኮው እስከ ግማሽ ከተበላም በዚያው ያስቀይሩት። እርጥበት ባለበት ቆዳ ላይ ማስቲሽ ስለማይዝ ጫማውን ከመውሰድዎ በፊት ሁለት ቀን ሳያደርጉት ያሳድሩት።