ዳይኖሰሩ ሲመጣ እጃችሁን ሰብስቡ

የዚህ ወር ጥያቄዎች ከተለያየ ቦታ ቢመጡም በሽታቸው አንድ ነው። ኔት ይመጣል፣ ኔት ይሄዳል። በመሃል ብራውዘሩ፣ ማለትም ድረ ገጽ የምንከፍትበት ፕሮግራም፣ ምን እየሠራ እንደሆነ ግን ማንም አይነግረንም። ስለዚህ ዛሬ የምናወራው ስለ እሱ ብቻ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ቤተሰቦቼ የሚኖሩት ከወልድያ ወጣ ብሎ ገጠር ነው። ለእረፍት ከመሄዴ በፊት ቤት የማነባቸውን ገጾች በግቢው ዋይፋይ በክሮም ከፍቼ፣ ታቦቹን ሳልዘጋ ሄድኩ። ቤት ደርሼ ስነካቸው አብዛኞቹ ጠፉ፤ ክሮም ኔት ሲያጣ የሚያሳየው ያ ዳይኖሰር ብቻ ይመጣል። ከፍቻቸው አልነበር እንዴ? የት ገቡ?»

መልስ፦ የትም አልገቡም፤ መጀመሪያውኑም አልተቀመጡም። ገጽ መክፈትና ገጽ ማስቀመጥ ለየቅል ናቸው። የከፈትከው ገጽ የሚኖረው በስልክህ ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ ራም በሚባለው ላይ ነው። ራሙ ሲጠብ አንድሮይድ ከኋላ ያሉትን ታቦች ሳይጠይቅህ ያራግፋቸዋል። የሚተርፈው አድራሻቸውና ርዕሳቸው ነው። ስትነካቸው ብራውዘሩ እንደ አዲስ ከኢንተርኔት ሊያመጣቸው ይሞክራል። ግቢ እያለህም ይኸው ነገር ይደርስብሃል፤ ግን ዋይፋዩ ቶሎ ስለሚመልሳቸው ልብ አትለውም። ራሙ አነስተኛ በሆነ ስልክ ላይ ካሜራ መክፈት ብቻ ታቦቹን ሊያባርራቸው ይችላል።

«ካሽ የሚባል ነገር የለም ወይ?» ትለኝ ይሆናል። አለ። ብራውዘሩ ያየሃቸውን ፎቶዎች፣ አርማዎችና የገጽ ማሳመሪያዎች ቅጂ ስልክህ ላይ ያስቀምጣል። ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያስቀምጥ የሚነግረው ግን ሰርቨሩ፣ ማለትም ድረ ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር ነው። አንዱን ፋይል «ለዓመት ያዘው» ይለዋል፣ ሌላውን «ለአንድ ሰዓት»፣ ሌላውን ደግሞ «ጭራሽ እንዳታስቀምጥ»። የዜና ድረ ገጾች ዋናውን ገጽ ብዙ ጊዜ «በከፈትከው ቁጥር ጠይቀኝ» ነው የሚሉት። ብራውዘሩ ሲጠይቅ ገጹ ካልተለወጠ ሰርቨሩ 304 የሚል አጭር መልስ ይልካል፤ «ያለህን ተጠቀም» ማለቱ ነው። ዳታ ይቆጥባል፣ ጥሩ ነው። ግን ይህችን አጭር መልስ ለማግኘትም ኔት ያስፈልጋል። ውጤቱ አስቂኝ ነው፦ አርማውና ፎቶው ኪስህ ውስጥ ቁጭ ብለው ጽሑፉ አይከፈትም።

ያለ ኔት የሚከፈቱ ድረ ገጾችም አጋጥመውህ ይሆናል። እነዚህ ሰርቪስ ወርከር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ብራውዘርህ ላይ የጫኑ ናቸው። ኔት ሲጠፋ እሱ በሰርቨሩ ቦታ ሆኖ ካስቀመጠው ይመልሳል። ክሮም ይህን በ2015 ጀመረ፣ ፋየርፎክስ በ2016፣ ሳፋሪ በ2018 ተከተሉ። ፕሮግራሙን የሚሠራው ግን የድረ ገጹ ባለቤት ነው፤ አንተ ልታዝዘው አትችልም። እዚህ ላይ ትንሽ ልናገር፦ ለእኛ አገር ሰው ድረ ገጽ የሚሠሩ ልጆች ፊት ለፊት የሚንሸራተት ፎቶ ለመደርደር የሚደክሙትን ግማሽ ያህሉን እዚህ ላይ ቢያውሉት ስንቱ አንባቢ በተጠቀመ!

ለሚቀጥለው እረፍት እንዲህ አድርግ። ገጹ ተከፍቶ እስኪያልቅ ጠብቅ። ከዚያ ሦስቱን ነጥቦች ነክተህ ከላይ ያለችውን ወደ ታች የምታመለክት ቀስት ተጫን። ገጹ ዳውንሎዶችህ ውስጥ ይገባል። ከግቢ ሳትወጣ ስልክህን ኤሮፕሌን ሞድ ላይ አድርገህ አንድ ሁለቱን ክፈትና እይ። ያን ጊዜ የተከፈተ ወልድያም ይከፈታል። ዳይኖሰሩ ቀድሞ ከመጣብህም እሱ ገጽ ላይ ገጹን በኋላ እንዲያወርድልህ የምታዝበት ቁልፍ አለ። ተጫነውና ስልኩን ኪስህ ክተት፤ ገበያ ስትወጣ ኔት ሲያገኝ ራሱ ያወርደዋል።

ጥያቄ፦ «ጅዳ በሰው ቤት ነው የምሠራው። ዋይፋዩ ያለው ምድር ቤት ነው፣ ክፍሌ ላይኛው ፎቅ ላይ። ምልክቱ ይታያል፣ ገጹ ግን ግማሽ ላይ ቀጥ ይላል። ሪፍሬሽ ሳደርገው ደግሞ ይብስበታል። ስልኬ ነው ወይስ ብራውዘሩ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ስልክሽም ብራውዘሩም ደህና ናቸው። መጀመሪያ ምልክቱን እንመልከት። የዋይፋይ ምልክት የሚነግርሽ ከስልክሽ እስከ ራውተሩ፣ ማለትም ዋይፋዩን እስከሚያሰራጨው ዕቃ ያለውን ብቻ ነው። ራውተሩ ከውጭው ዓለም ጋር ይገናኝ አይገናኝ አይነግርሽም። ጎኑ ላይ የቃለ አጋኖ ምልክት ካየሽ ስልኩ ኢንተርኔት ፈልጎ አጥቷል ማለት ነው።

ግማሽ ላይ ቀጥ የማለቱ ነገር ሌላ ነው። አንድ ገጽ አንድ ነገር አይደለም። ጽሑፉ፣ ፎቶው፣ ፊደሉ፣ ማስታወቂያው እየብቻቸው የሚመጡ ብዙ ፋይሎች ናቸው። የመጀመሪያው ከመምጣቱ በፊት ብራውዘሩ የድረ ገጹን የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥር ይጠይቃል፣ ከሰርቨሩ ጋር ይተዋወቃል፣ በምን ምስጢር እንደሚነጋገሩ ይስማማል። እያንዳንዱ ደርሶ መልስ ነው። ከዚያ በኋላ ፋይሉ በትንንሽ ፓኬት ተቆራርጦ ይመጣል። ዋይፋዩ ሲደክም የተወሰነው ፓኬት መንገድ ላይ ይጠፋል። የጠፋው እንደገና ይላካል፤ እስከዚህ ደህና ነው። ችግሩ የድሮው ማጓጓዣ ደንብ፣ ቲሲፒ የሚባለው፣ ፓኬት ሲጠፋ አብዛኛውን ጊዜ «መንገዱ ተጨናንቋል» ብሎ ነው የሚተረጉመው። ስለዚህ ፍጥነቱን ይቀንሳል። አንቺ ጋ መንገዱ አልተጨናነቀም፣ ፎቁ ራቀ እንጂ። እሱ ግን ይህን አያውቅም።

በዚህ መሃል ሪፍሬሽ ስትነኪ እየመጣ የነበረው ሁሉ ይቋረጣል። ግማሽ መንገድ የደረሰው ፎቶ እንኳ ሊጣል ይችላል። ጥያቄው እንደ አዲስ ይጀመራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው። አራት ኪሎ ኢንተርኔት ካፌ እሠራ በነበረበት፣ ሒሳቡ በደቂቃ በሚታሰብበት ዘመን፣ ደንበኛው ኤፍ 5 የምትባለዋን የሪፍሬሽ ቁልፍ እየደበደበ ሒሳቡን ራሱ ሲያንረው አይ ነበር። ብንነግረውም አይሰማም።

ዳይኖሰሩ ከመጣ ደግሞ ጨርሶ አትነካኪው። ክሮም ራሱ መልሶ ይሞክራል። መጀመሪያ ከ1 ሰከንድ በኋላ፣ ቀጥሎ 5፣ ቀጥሎ 30 ሰከንድ፣ ከዚያ 1 ደቂቃ እያለ እስከ 30 ደቂቃ ልዩነት ይሄዳል። ስልኩ ኔት መመለሱን ከነገረውም ወዲያው ይጭነዋል። እስከዚያ ግን ዳይኖሰሩን ነክተሽ ቁልቋል እያስዘለልሽ ተጫወቺ፤ በ2014 የገባው ለዚህ ነው።

ገጹ ግማሽ ላይ ቆሞ ጽሑፉ ከታየሽስ? ሦስቱ ነጥቦች ውስጥ ገብተሽ ኤክስ ምልክቷን ንኪ። የመጣው ይቀራል፣ ያልመጣው ፎቶ ይቅርብሽ፤ ንባብሽን ቀጥዪ። ወደ ቀደመው ገጽ ስትመለሺም ሊንኩን ደግመሽ አትንኪ፣ የኋላ ቁልፉን ተጠቀሚ። ክሮም ከ2020 ጀምሮ በአንድሮይድ ስልክ ላይ የተውሽውን ገጽ እንዳለ ለአጭር ጊዜ ያቆየዋል። ያለ ኔትም ሊመልስልሽ ይችላል።

መሐንዲሶቹም ዝም አላሉም። በ2021 ኩዊክ የሚባል አዲስ ማጓጓዣ ደንብ ጸደቀ። በእሱ ሲሆን የአንዱ ፋይል ፓኬት ቢጠፋ ሌሎቹን አያስቆምም። ከዋይፋይ ወጥተሽ ወደ ስልክ ዳታ ስትገቢም ግንኙነቱ ሳይቋረጥ ሊቀጥል ይችላል፤ የሚታወቀው በስልክሽ አድራሻ ሳይሆን በራሱ መለያ ቁጥር ስለሆነ። ትልልቆቹ ድረ ገጾች ብዙዎቹ ይጠቀሙበታል። ዩቲዩብ በደካማ ዋይፋይ እየሠራ አንዲት ትንሽ ድረ ገጽ እምቢ የምትልሽ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ኦፔራ ሚኒንም ሞክሪው። ከ2006 ጀምሮ በዓለም ዙሪያ አለ፣ ለእንዲህ ዓይነት ኔት የተፈጠረ ነው። ገጹን መጀመሪያ የኦፔራ ሰርቨር ይከፍተዋል፣ ይጨምቀዋል፣ ትንሹን ይልክልሻል። ግን በጣም በሚቆጥበው አሠራሩ ላይ እያለ ባንክ አትክፈቺበት፤ ገጽሽን መሃል ላይ የሚያየው ሌላ ሰርቨር አለና።

ጥያቄ፦ «የልጄን የትምህርት ቤት ክፍያ በድረ ገጽ ስከፍል፣ ክፈል የሚለውን ከነካሁ በኋላ ኔት ሄደ። መልሼ ስጭነው ብራውዘሩ በእንግሊዝኛ፣ ፎርሙ እንደገና ይላክ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ፈርቼ ተውኩት። መቀጠል ነበረብኝ?» (እናት፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ደግ አደረጉ። ፍርሃትዎ ትክክል ነበር።

ብራውዘር በዋናነት ሁለት ዓይነት ጥያቄ ነው የሚልከው። አንዱ «ስጠኝ» ነው። ዜና መክፈት፣ ፎቶ ማየት እዚህ ይገባል፤ መቶ ጊዜ ቢደገም ጉዳት የለውም፣ እሱም ሳይጠይቅዎ ይደግመዋል። ሁለተኛው «ተቀበለኝ» ነው። ክፍያ፣ ማመልከቻ፣ ምዝገባ። ይህን ሁለት ጊዜ መላክ ሁለት ጊዜ መክፈል ሊሆን ይችላል። ኔቱ የተቋረጠው ጥያቄዎ ሲሄድ ይሁን መልሱ ሲመጣ ብራውዘሩ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ከእርስዎ በኩል ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ስክሪኑ ላይ የሚዞር ነገር ብቻ። ስለዚህ ኃላፊነቱን ለእርስዎ ይተወዋል። ያ ማስጠንቀቂያ ይህ ነው።

ማስጠንቀቂያውን ይዝጉት። ከባንክዎ ወይም ከሞባይል ገንዘብዎ አጭር መልእክት መጥቶ እንደሆነ ይዩ፣ ሒሳብዎን ይመልከቱ። ገንዘቡ ወጥቶ ከሆነ የግብይት ቁጥሩን ይዘው ትምህርት ቤቱ ጋ ይደውሉ። ካልወጣም ትንሽ ይቆዩ፤ የዘገየ መልእክት አለና። ከዚያ ገጹን ዘግተው ከመጀመሪያው ይጀምሩ። በደንብ የተሠራ የክፍያ ድረ ገጽ ለእያንዳንዱ ክፍያ መለያ ቁጥር ሰጥቶ ሁለተኛውን ይጥለዋል። የእርስዎ ትምህርት ቤት ድረ ገጽ እንዲህ ያደርግ እንደሆነ ግን ከውጭ ሆኖ ማወቅ አይቻልም።

በነገራችን ላይ ዲቪ የሞላ ሰው ይህን ጭንቀት ያውቀዋል። ደንቡ ከአንድ በላይ የላከን አመልካች ያስወጣል። እና ላክ ብሎ ኔት የሄደበት ሰው ልቡ እንዴት እንደምትሆን አስቡት። ማረጋገጫ ቁጥር የሚሰጥ ገጽ ሲመጣ ሌላ ምንም ሳትነኩ ስክሪኑን ፎቶ አንሱ።

ጥያቄ፦ «ትልቅ ፋይል ሳወርድ መጨረሻው አካባቢ ይቋረጥና ከዜሮ ይጀምራል። ዳታዬ አለቀ፣ ምን ይሻላል?» (አዳማ)

መልስ፦ ሊንኩን እንደገና መንካት ትተህ ዳውንሎዶች ውስጥ ገብተህ «ቀጥል» በለው። ብራውዘሩ «ከዚህ ጀምሮ ያለውን ላክልኝ» ይላል፣ ሰርቨሩ ከፈቀደ በ206 ቁጥር ይመልስና ከቆመበት ይቀጥላል። ካልፈቀደ ምንም ማድረግ አይቻልም፤ ፋይሉን ከሌላ ቦታ ፈልገው። ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ግማሹ ፋይል በክሮም «ሲአር ዳውንሎድ»፣ በፋየርፎክስ «ፓርት» የሚል ቅጥያ ይዞ ይቀመጣል። ቆሻሻ መስሎህ እንዳታጠፋው።

ጥያቄ፦ «ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የምንኖር ሰዎች የመረዳጃ ማኅበር አለን፤ ድረ ገጻችንም በአማርኛ ነው። እኛ ጋ ወዲያው ይከፈታል። ጎንደር ያሉ ዘመዶቻችን ግን ፎቶው ይመጣል፣ ጽሑፉ ባዶ ነው፣ ቆይቶ ድንገት ብቅ ይላል ይሉናል።»

መልስ፦ የመረጣችሁት ፊደል ነው። ጽሑፉ ስልካቸው ደርሷል፤ ክሮም ግን የእናንተ ፎንት፣ ማለትም የፊደሉን ቅርጽ የያዘው ፋይል፣ እስኪመጣ እስከ 3 ሰከንድ ደብቆ ይይዘዋል። ካልመጣ በስልኩ ፊደል ያሳየዋል፣ የእናንተው ሲደርስ ደግሞ ይቀይረዋል። የላቲን ፎንት ጥቂት ፊደላት ይበቁታል። የእኛው ግን ከሀ እስከ ፐ፣ ከነዲቃሎቹ ብዙ መቶ ስለሆነ ፋይሉ ይከብዳል። ዲሲ ሆናችሁ አይሰማችሁም።

የዛሬ ስልኮች የራሳቸው የግዕዝ ፊደል አላቸው፣ ደግሞም ያምራል። የእናንተን ብትተዉት ደስ ይለኛል። «የለም፣ የኛ ይቅደም» ካላችሁ ድረ ገጹን ለሚሠራላችሁ ልጅ «ፎንት ዲስፕሌይን ስዋፕ አድርገው» በሉት። ያን ጊዜ ጽሑፉ በስልኩ ፊደል ወዲያው ይታያል፤ የእናንተው ሲደርስ ይተካዋል። የአንድ መስመር ሥራ ነው፣ ገንዘብ እንዳይጠይቃችሁ።