የመጀመሪያው ፋይል ብቻ ቀለም ሲያጣ

ከሸዋ ሮቢት የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ፍንጩን ራስህ ሰጥተኸኛል፦ የኮድ መጻፊያውን ኒዮቪምን ከተርሚናል ከፋይሉ ስም ጋር ስትጠራው የመጀመሪያው ነጭ ሆኖ ይመጣል፣ ሁለተኛው ግን ቀለሙን ይዞ ይከፈታል ብለሃል። እኔ ሌላ ቦታ አልፈልግም፤ ለዚያ የፋይል ዓይነት የጫንከውን ተቀጥላ ፕሮግራም፣ ፕለጊኑን፣ ፕለጊኖችን በሚያስተዳድረው ሌዚ ውስጥ «ዘግይተህ አስነሳው» በሚለው ቬሪሌዚ ላይ አስረኸዋል። ነጩ ፋይል ላይ ሆነህ ኮሎን ኢ በል፤ ፋይሉን እንደገና ያነበዋል። ቀለሙ ከመጣ ምርመራው አለቀ።

ኒዮቪም ፋይል ሲያነብ ማንበቡን አንዴ ያሳውቃል፤ የፋይሉን ዓይነት የሚለየው ኮድ የሚነሳውም ያኔ ነው። እንደ እድር ጥሩምባ ነው፤ ከተነፋ በኋላ ሰፈር የገባ ሰው ማን እንደሞተ አያውቅም። የፕለጊኑ መለያ ደንብ ኤፍቲዲቴክት በሚባለው ፎልደሩ ውስጥ ተቀምጧል፤ ቬሪሌዚ ደግሞ ፕለጊኑን የሚያስነሳው ገጹ ተስሎ ካለቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የመጀመሪያው ፋይል ተነቦ አልፏል። ዓይነቱ ካልታወቀ ቀለሙም፣ የመስመር አገባቡም፣ ኮድህን እያነበበ ስህተት የሚጠቁምህ ኤልኤስፒውም ዝም ይላሉ። ሰው ግን ይህን ሲያይ የቀለም ቴማ ሲቀያይር ይውላል!

ስለዚህ መለያውን ከፕለጊኑ አውጣው። ኒዮቪም ሲነሳ በሚያነበው የማስተካከያ ፋይል፣ በኢኒት ሉዋ፣ አናት ላይ፣ ሌዚ ከመጠራቱ በፊት፣ በቪም ዶት ፋይልታይፕ ዶት አድ ቅጥያውን (በፋይሉ ስም ከነጥቡ በኋላ ያለውን) እና የዓይነቱን ስም አስመዝግብ። ስሙ ፕለጊኑ ከሚያውቀው ጋር ፊደል በፊደል ይግጠም። ሌዚ ውስጥ ቬሪሌዚን ሰርዝና በምትኩ ኤፍቲ (የፋይል ዓይነት) ብለህ ያንኑ ስም ስጠው። ኒዮቪምህ ከ0.8 በታች ከሆነ መጀመሪያ አድሰው።

ከአንተ በፊት የነካካው ሰው ይህንኑ መስመር ኮንፊግ የሚለው ፈንክሽን ውስጥ ወትፎታል። ኮንፊግ የሚሠራው ፕለጊኑ ከተነሳ በኋላ ነው፤ ምን ይፈይዳል? ይባስ ብሎ ጥቂት ፋይሎች ግርጌ ላይ ሞድላይን፣ ማለትም ፋይሉ ራሱ ለኒዮቪም ማስተካከያ የሚነግርበትን መስመር፣ ለጥፎ፣ እነሱ ስለሠሩለት ብቻ «ተስተካክሏል» ብሎ ሄዷል። ሞድላይንን ዝጋው። በ2019 እንደ ፈረንጆቹ በዚሁ በኩል ፋይል በመክፈት ብቻ የሰው ትእዛዝ ኮምፒውተርህ ላይ የሚሮጥበት ቀዳዳ ተገኝቶ ነበር፤ የኒዮቪም መነሻ የሆነው ቪም በ8.1.1365፣ ኒዮቪም በ0.3.6 ደፈኑት።

ቅጥያ ለማሳወቅ ብቻ የጫንካትን፣ ባለቤቷ የተዋትን ሚጢጢ ፕለጊንም አውጣት። የሁለት መስመር ሥራ ነው፤ እንዲህ ያለውን ርካሽ ዕቃ ሰው ለምን እንደሚሰበስብ አይገባኝም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነጭ ከሆነ፣ ቨርቦስ ሴት ፋይልታይፕ ብለህ የጥያቄ ምልክት አክልበትና የሚያወጣውን ላክልኝ። ዓይነቱን መጨረሻ ላይ የወሰነው የትኛው ፋይል እንደሆነ ይናገራል። እስከዚያው ሰው በፍላሽ የሰጠህን ፋይል ሞድላይን ሳትዘጋ እንዳትከፍት።