እህቴ፣ እኔ ቤት የደረሰውን ልንገርሽ

ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የ12 ዓመት ልጅሽ ቲክቶክ ካልከፈትሽልኝ እያለች መከራሽን እንደምታሳይሽ፣ ዋርሳሽ ደግሞ ሳትጠይቅሽ የልጆችሽን ፎቶ ፌስቡክ ላይ እየለጠፈች መናገር እንደከበደሽ ነው የጻፍሽው። ሁለቱም እኔ ቤት ገብቷል፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሺኝ።

የምኖረው ሀዋሳ ነው። ልጄ 4 ዓመቷ እያለ እሁድ ቀን አሞራ ገደል አሳ ልንበላ ሄደን አባ ኮዳ የምንለው ትልቁ ወፍ አሳውን ከእጇ መንጭቆባት ከድንጋጤ የተነሳ ሱሪዋ ላይ ሸናች። እኔም እያለቀሰች ሱሪዋ እንደረጠበ ፎቶ አንስቼ "አባ ኮዳ ጉድ ሰራት" ብዬ ለጠፍኩት፣ ያውም ለሁሉም ሰው ክፍት አድርጌ። ዘመድ አዝማዱ ሳቀ፣ እኔም ረሳሁት።

7ኛ ክፍል ስትደርስ አንድ የክፍሏ ልጅ የኔን ስም ፈልጎ ፎቶውን አገኘና የቴሌግራም ስቲከር አደረገው። የክፍላቸው ግሩፕ ላይ መሳቅ የፈለገ ሁሉ እሱን ይልካል። ልጄ ሆዴን አመመኝ እያለች ሶስት ቀን ቀረች፣ ሀኪም ቤት ልወስዳት ስነሳ ነው ስልኳን ያሳየችኝ። አልጮኸችብኝም፣ "እማ፣ ለምን ለጠፍሽው?" ብቻ ነው ያለችኝ። መልስ አልነበረኝም፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ክሰሺ ያሉኝም ነበሩ ግን ልጅ ነው፣ የለጠፍኩትም እኔው ነኝ። መጀመሪያ ስክሪንሾት አድርጌ ያዝኩ፣ ከዛ እናትየው ቤት ሄጄ ቡና ላይ ረጋ ብዬ ነገርኳት፣ ደነገጠች። የስቲከር ፓክ የሰራው ሰው ራሱ እዛው ቴሌግራም ላይ ባለው ስቲከርስ በሚባለው ቦት ማጥፋት ስለሚችል ልጁ እዛው ፊታችን አጠፋው፣ ልጄንም ይቅርታ ጠየቃት። ግን በየስልኩ ሴቭ የተደረገውን ማን ያጠፋዋል?

የዛን ቀን ማታ ከልጄ ጋር ቁጭ ብለን ፌስቡኬን ከፈትን። ድሮ ለሁሉም ክፍት አድርገሽ የለጠፍሽውን በአንዴ ለጓደኛ ብቻ የሚያደርግ ሴቲንግ አለ፣ መጀመሪያ እሱን ነካን፣ ቀጥሎ አንድ በአንድ እያየን የቱ ይጥፋ የቱ ይቅር የምትለው እሷ ሆነች። ዩኒፎርም ለብሳ የትምህርት ቤቱ ስም የሚታይበት፣ የልደት ቀኗ የተጻፈበት ኬክ፣ ስንት ነገር መሰለሽ። አሁን የ6 ዓመቱን ወንድሟን እንኳን ሳልጠይቅ አልለጥፍም፣ አይሆንም ካለ አይሆንም። ስንት ጊዜ ከመከርኳት ይልቅ ይሄ ነው የገባት፣ የጓደኞቿን ፎቶ ከመላኳ በፊት "ልላከው?" ስትል እሰማታለሁ።

ስለ ዋርሳሽ፣ አንቺ አትናገሪ፣ ወንድሟ የሆነው ባልሽ ይናገር፣ ካንቺ ከመጣ ፀብ ነው የሚሆነው። ባዶ እጇንም አትተዋት፣ እኛ የቤተሰብ ብቻ የሆነ የቴሌግራም ግሩፕ ከፍተን አክስቶቹ ፎቶውን እዛ እያዩ ይጠግባሉ። ፌስቡክሽ ላይ ደግሞ ታግ ሲያደርጉሽ አንቺ ሳትፈቅጂ ገፅሽ ላይ እንዳይወጣ አድርጊ፣ እሷ ገፅ ላይ ያለውን ግን አያጠፋውም።

ቲክቶክን እንግዲህ 13 ሳይሞላት አትክፈቺላት፣ ህጋቸውም እሱ ነው። ሲሞላት የልደት ዓመቱን አንቺ ሙዪው፣ ምክንያቱም ልጆቹ በኛ አቆጣጠር የተወለዱበትን እንዳለ ያስገቡትና አፑ በፈረንጅ ቆጥሮ 7 ወይ 8 ዓመት ይጨምርላቸዋል። የኔዋ እንደዛ አድርጋ ከ20 በላይ ሆና ተገኘች! ከ16 በታች ከሆነች አካውንቷ ከጅምሩ እሷ ለፈቀደችለት ሰው ብቻ ነው የሚታየው፣ የግል መልዕክትም አይገባላትም፣ ዕድሜዋ ከተሳሳተ ግን ይሄ ሁሉ ይቀራል። እኛ ያንን የተሳሳተውን አካውንት ዘግተን በትክክለኛው ቀን አዲስ ከፈትንና ፋሚሊ ፔሪንግ በሚለው ከኔ ስልክ ጋር አገናኘሁት፣ የምትቆይበትን ሰዓት እኔ ነኝ የምወስነው፣ እሷም ታውቃለች፣ ተደብቄ አይደለም።

ሴቲንጉ ካስቸገረሽ ኢንቦክስ አድርጊልኝ፣ በስክሪንሾት አሳይሻለሁ።