ከመሃል ከተማ ርቆ ያለ ርካሽ አፓርታማ

ጥያቄ፦ ለአንድ ሳምንት ከባለቤቴ ጋር ወደ ሌላ ከተማ እሄዳለሁ። ከቱሪስቶች ሰፈር ራቅ ያለ ትንሽ አፓርታማ በርካሽ አግኝቻለሁ። ከመክፈሌ በፊት ምን ላጣራ?

መልስ፦ ከሁሉም በፊት የመጨረሻው አውቶቡስ ወይም ባቡር ስንት ሰዓት እንደሚያልፍ ይጠይቁ። ማታ ማታ በታክሲ የሚመለሱ ከሆነ ርካሽነቱ የለም። ፎቁ ስንተኛ እንደሆነና ሊፍት መኖሩንም አይርሱ።

ብዙ ሰው የማይጠይቀው ስለ ቦይለሩ ነው። 30 ሊትር የሚይዝ ቦይለር 60 ዲግሪ ሲሞቅ፣ ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር ተደባልቆ 50 ሊትር ያህል ለብ ያለ ውሃ ይሰጣል። ሻወሩ በደቂቃ 8 ሊትር ካፈሰሰ ስድስት ደቂቃ ቢበቃ ነው። 1500 ዋት ከሆነ እንደገና ለመሞቅ አንድ ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅበት፣ አንዳችሁ ማታ አንዳችሁ ጠዋት ታጠቡ። ቦይለሩ በርቶ ሳለ 2000 ዋት የውሃ ማፍያና ካውያ አብረው ከተሰኩ ብሬከሩ ይወርዳል፤ 16 አምፔር የሚችለው 3700 ዋት አካባቢ ነውና።

ሲገቡ መታጠቢያ ቤቱ ከሸተተ ባለቤቱን ለመውቀስ አይቸኩሉ። ቤቱ ሰው ሳይገባበት ሲቆይ በወለሉ ማፍሰሻ ውስጥ ሽታውን የሚያግደው ውሃ ይደርቃል። አንድ ሊትር ውሃ ያፍስሱበትና መስኮቱን ይክፈቱ።