«ባቡሩን ሳልሳፈርማ አልቀርም» ላሉት አባት

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች ሦስቱ አንድ ጉዳይ ላይ ናቸው። ዕድሜያቸው የገፋ ወላጆችን ይዞ ከተማ ስለማየት ነው። ሁለቱ የአዲስ አበባን የከተማ ባቡር ይጠይቃሉ፤ ሦስተኛው ከጎጃም ሳይወጣ ምን ማድረግ እንደሚችል ይጠይቃል። የመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌ ጽፌያለሁ፤ ሌሎቻችሁም የምትጠይቁት እሱኑ ስለሆነ ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ 74 ዓመታቸው ነው፣ በምርኩዝ ይሄዳሉ። እናቴ 69 ናት፣ ጉልበቷን ታማለች፤ ደረጃ ሲሆን ታቃስታለች። ወንድሜ አዲስ አበባ አያት አካባቢ ይኖራል፣ እሱ ጋ አራት ቀን ልንቀመጥ አስበናል። አባቴ የከተማውን ባቡር በቴሌቪዥን ካዩ ወዲህ «እሱን ሳልሳፈርማ አልቀርም» እያሉ ነው። ወንድሜ ደግሞ «ግፊያ ነው፣ ለሽማግሌ አይሆንም» ይላል። እንዴት ላድርግ? — ከባሕር ዳር

መልስ፦ አባትሽ ይሳፈሩ። ወንድምሽ ያለው ግፊያ እውነት ነው፤ ግን ግፊያው ሰዓት አለው፣ ቦታም አለው፣ ከሁለቱም ማምለጥ ይቻላል። ደግሞ አያት መኖሩ ትልቅ ዕድል ነው፤ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ባቡሩ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። ሁለት መስመር አለው። አንዱ ከአያት ጦር ኃይሎች ይደርሳል፣ ሌላው ከምኒልክ አደባባይ ተነስቶ ቃሊቲ ይወርዳል፤ እያንዳንዳቸው ወደ 17 ኪሎ ሜትር ይሆናሉ። ጣቢያዎቹ በጠቅላላ 39 ናቸው፤ ከስታዲየም እስከ ልደታ ያሉትን አምስቱን ሁለቱም መስመሮች በጋራ ይጠቀሙባቸዋል። አያት የመስመሩ መነሻ ነው። ባቡሩ እዚያ ባዶውን ስለሚቆም ወንበር ይገኛል ማለት ነው። መሐል ከተማ ላይ ልሳፈር ያለ ሰው ግን ወጣትም ቢሆን ቆሞ ነው የሚሄደው፤ በመለዋወጫ ችግር ብዙ ባቡሮች ከሥራ ስለወጡ አንዱ ካመለጠ ሌላው ቶሎ አይመጣም፣ የመጣውም ሞልቶ ይመጣል።

ሰዓቱን እንዲህ አድርጊው። ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ተማሪና ሠራተኛ ነው፣ አትሞክሪው። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላም እንደዚያው። ከ4 ሰዓት በኋላ ከቤት ወጥታችሁ 8 ሰዓት ላይ ቤት ግቡ። አራት ሰዓት ያህል ነው፤ ለእነሱ ከበቂ በላይ ነው።

ደረጃ ላይ ነው ትልቁ ጉዳይ። የባቡሩ ወለል ዝቅ ያለ ነው፣ በአብዛኛው ከመቆሚያው ጋር እኩል ስለሆነ እንደ አውቶቡስ እግር ማንሳት የለም። ችግሩ ጣቢያው ጋ እስኪደረስ ድረስ ነው። ሁለቱ መስመሮች የሚጋሯቸው የመሐል ከተማ ጣቢያዎች፣ ስታዲየም፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ ተግባረ እድ፣ ልደታ፣ ከመንገዱ በላይ ከፍ ብለው የተሠሩ ናቸው። ሊፍት ተሠርቶላቸዋል፤ ግን ሊፍቱን ተማምነሽ እናትሽን እዚያ እንዳታወርጂ። የማይሠራ ሆኖ ቢገኝ ያን ሁሉ ደረጃ በታመመ ጉልበት መውረድ ነው፣ መውረድ ደግሞ ከመውጣት ይብሳል። በአያት በኩል ያለው ግን አብዛኛው መሬት ለመሬት ነው። እዚያ የሚያስቸግረው መንገድ ማቋረጥ ነው፤ ሐዲዱ በሰፊው መንገድ መሐል ስለሚሄድ መኪና አሳልፎ መሻገር አለ። ወንድምሽ እናንተ ከመድረሳችሁ በፊት የምትወርዱባቸውን ጣቢያዎች በእግሩ ሄዶ ያያቸው። የት ነው የሚሻገሩት፣ ስንት ደረጃ አለ፣ መደገፊያ ብረት አለው ወይ? ከሰማሁት ይልቅ ያየሁት ቢል ይሻላል።

አሁን ወደ ደስ የሚለው ልግባ። ከአያት መስመር ጣቢያዎች የአንዳንዶቹ ስም የቤተ ክርስቲያን ነው፣ ሚካኤል፣ ዑራኤል፣ እስጢፋኖስ፣ ልደታ። የእኛ አገር ወላጅ ደግሞ ከተማ ገብቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሕንፃ አይደለም፣ የት እንሳለም ነው። ቅጥር ግቢው ጥላ አለው፣ የሚቀመጡበት አለ፣ ማንም ተነሱ አይላቸውም። ለሽማግሌ ከዚህ የተሻለ ማረፊያ አላውቅም። ስለዚህ ጉዞውን ከሕንፃና ከሱቅ ይልቅ በዚያ ዙሪያ አስቢው።

የመጀመሪያው ቀን ለሙከራ ይሁን። ከአያት ተሳፍራችሁ ሜሪን፣ ሲኤምሲን አልፋችሁ ሚካኤል ውረዱ፤ ሦስተኛው ጣቢያ ነው። ተሳልመው፣ ጥላ ሥር አረፍ ብለው፣ ጠበል ቀምሰው ይመለሱ። ሌላ ምንም አትጨምሪበት። አባትሽ ባቡሩን ተሳፈሩ፣ አንቺ ደግሞ የእናትሽ ጉልበት እስከ ምን ድረስ እንደሚችል አወቅሽ።

ሁለተኛው ቀን ረጅሙ ነው፤ ግን ሁሉም በመቀመጥ የሚያልቅ ነው። ከአያት ተነስታችሁ እስከ ጦር ኃይሎች መሐል ላይ ሳትወርዱ ሂዱ። አባትሽን መስኮት ጋ አስቀምጫቸው። መስቀል አደባባይን፣ ስታዲየሙን፣ ለገሃር ስትደርሱ የድሮውን የጅቡቲ ባቡር ጣቢያ ከፍ ካለው ሐዲድ ላይ ቁልቁል እያዩ ያልፋሉ። ያ ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ከወላጆቻቸው ስለ ባቡሩ የሰሙት ወሬ ካለ እዚያ ይመጣላቸዋል፣ ጠይቂያቸው። ጦር ኃይሎች ወርዳችሁ ትኬት ቆርጣችሁ በዚያው ተመለሱ። መመለሻው ላይ ከመነሻው ስለምትሳፈሩ እንደገና ወንበር አላችሁ።

ሦስተኛው ቀን ባቡሩን ተዉት። በራይድ ወይም በወንድምሽ መኪና ፒያሳ ሂዱ። በየካቲት 2016 የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ እዚያ ነው፣ ቅዱስ ጊዮርጊስም ቅርብ ነው። መታሰቢያው ግን በጣም ሰፊ ነው፣ ሁሉን እናያለን ካላችሁ እናትሽ ይደክማሉ። ከሁለት አንዱን ምረጡ፣ ከተረፈ ጉልበት ሌላውን። ብሔራዊ ሙዚየም ልውሰዳቸው ካልሽ ድንቅነሽ ያለችው ከመሬት በታች ባለው ክፍል ውስጥ ስለሆነ ደረጃ እንዳለው እወቂ። አራተኛው ቀን ባዶ ይሁን። እውነቴን ነው፣ ባዶ። ቤት ቁጭ ብለው ከልጅ ልጅ ጋር ቡና ይጠጡ።

አባትሽ ካርታውን ካዩ «ጎጃም በረንዳ» የሚል ጣቢያ ማየታቸው አይቀርም። አለ፣ በምኒልክ አደባባይ መስመር ላይ፣ ከአውቶቡስ ተራ ቀጥሎ። እንሂድ ማለታቸውም አይቀርም። አካባቢው መርካቶ ነው፤ ግርግሩ፣ ተሸካሚው፣ ኪስ አውላቂው ለምርኩዝ አይመችም። በመኪና አሳልፊያቸው፣ ከመስኮት ይዩት።

ሲሳፈሩ ደግሞ እንዲህ አድርጉ። ወንድምሽ ቀድሞ ይግባና በሩ ውስጥ ዞሮ እጁን ይዘርጋላቸው፣ አንቺ ከኋላ ሁኚ። አባትሽ ምርኩዙን መጀመሪያ ባቡሩ ወለል ላይ ይትከሉት፣ ከዚያ ደኅናውን እግር፣ ከዚያ ሌላውን። የሚወርድ ሰው ጨርሶ ሳይወርድ አትሞክሩ፤ በሩ ጋ ሕዝብ ካለ ያ ባቡር ይለፍና ቀጣዩን ጠብቁ። ሞልቶ ቢሆን እንኳ «አባባ ይቀመጡ» ብሎ የሚነሳ ወጣት አይጠፋም፤ አባትሽ «ግዴለም ልጄ» ብለው እንዳይቆሙ አስቀድመሽ ለምኛቸው። ባቡሩ ሲነሳና ሲቆም ያንገጫግጫል፣ የቆመ ሽማግሌ ያኔ ነው የሚወድቀው።

ሦስት ነገር ደግሞ ማንም የማይነግርሽ። አንደኛ ሽንት ቤት። ጣቢያ ላይ አገኛለሁ ብለሽ አትውጪ። ከቤት ስትወጡም፣ የምትወርዱበት ቦታ ስትደርሱም፣ ካፌ ገብታችሁ ማኪያቶ ወይም ሻይ አዛችሁ ተጠቀሙ፤ የደም ግፊት ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ አንዳንዶቹ ኪኒኖች ሽንት ስለሚያበዙ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እናቶች ይህን አፍ አውጥተው አይናገሩም፣ ውሃ ሳይጠጡ መዋልን ይመርጣሉ፤ አንቺ ቀድመሽ አስቢላቸው።

ሁለተኛ ጾም። ረቡዕና ዓርብ እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ፣ ረጅሙን ቀን እነዚህ ላይ አታድርጊው። ሳይበሉ ፀሐይ ላይ ቆመው ባቡር ሲጠብቁ ራስ ያዞራል። ብሉ ብለሽ አትከራከሪያቸው፣ ቀኑን ለውጪው። እግረ መንገድሽን የወር በዓሉንም እይ፤ በ12 ሚካኤል፣ በ17 እስጢፋኖስ፣ በ22 ዑራኤል፣ በ1 ልደታ ሕዝቡ መፈናፈኛ አይሰጥም። እነሱ ግን ለበዓሉ ካልሆነ ካሉ፣ ቅዳሴው ወጥቶ ሕዝቡ ሲቀል ውሰጃቸው።

ሦስተኛ ብርድና አየር። ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ነው፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ማታ ይበርዳል፤ ጋቢ እንዳይረሳ። ከባሕር ዳር በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ አቅም ካለ ለዚህ ጉዞ እሱን ምረጡ። ትኬት ስትቆርጡ ዊልቸር ይፈልጋሉ ብለሽ ካስመዘገብሽ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ያለውን ረጅም መንገድ ገፍተው ያደርሷቸዋል። አባትሽ «እኔ ሽባ ነኝ?» ሊሉ ይችላሉ። ለእናቴ ነው በያቸው፣ አብረው ይሄዳሉ።

ጥያቄ፦ እናቴ በዊልቸር ነው የምትንቀሳቀሰው። ዘመድ ጥየቃ አዲስ አበባ ልወስዳት ነው፣ ባቡር ላይ ማውጣት ይቻላል? መንገዱንስ እንዴት ትችለዋለች? — ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ ወለሉ ዝቅ ያለ ስለሆነ መሬት ላይ ካለ ጣቢያ ከሆነ ዊልቸሩ ይገባል። ከላይ እንዳልኩት ከፍ ያሉትን ጣቢያዎች እርሳቸው፤ ሊፍት ካልሠራ እናትህን ከነወንበራቸው በደረጃ ማውረድ ለእሳቸውም ለተሸካሚውም አደጋ ነው። በአያት በኩል መሬት ላይ በሚገኝ ጣቢያ ገብታችሁ መሬት ላይ በሚገኝ ሌላ ጣቢያ የምትወርዱበትን አጭር ጉዞ አድርግ፣ ቢያንስ ሁለት ጉልበት ያለው ሰው አብሮ ይሁን። የቀረውን በመኪና።

እኔን የበለጠ ያሳሰበኝ የመንገዱ ነገር ነው። መጀመሪያ መንገዱ ክፍትና ሰላም መሆኑን ሰሞኑን ከተመላለሰ ሰው አረጋግጥ፣ ካልሆነ ቀኑ ይግፋ። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ሙቀቱ ድንገት ነው፣ ጆሮም ይደፈናል። በትልቅ አውቶቡስ ከሆነ ደረጃው ጠባብና ከፍ ያለ ነው፣ በእቅፍ ካልሆነ አይወጣም፤ ስለዚህ ከዘመድ ጋር ተዋጥታችሁ ትንሽ መኪና ብትኮናተሩ ይሻላል። የፊት ወንበር ለእሳቸው። ከመውረዳችሁ በፊት ደጀን ላይ እረፉ፣ ውሃ ይጠጡ፤ ዳገቱን ወጥታችሁ ጎሐ ጽዮን ላይ ደግሞ እረፉ። ለረጅም ሰዓት አንድ ቦታ ተቀምጦ የሚውል ሰው እግሩ ያብጣል፣ መቀመጫውም ይቆስላል፤ ወፈር ያለ ትራስ አድርግላቸውና በየእረፍቱ ገላቸውን አዙርላቸው፣ እግራቸውን አሻሽላቸው።

ጥያቄ፦ አያቴን አዲስ አበባ መውሰድ አልችልም፣ አቅሙም መንገዱም አልተመቸኝም። ባሕር ዳር ሁለት ቀን ብንውልስ? በቀስታ የሚታይ ነገር አለ? — ከፍኖተ ሰላም

መልስ፦ ባቡር የለም እንጂ ለጉልበት ባሕር ዳር ከአዲስ አበባ ይበልጣል። ከተማው ሜዳ ነው፣ መንገዱ ዳር ዘንባባ አለው፣ ጣና ዳር ቁጭ ብሎ መዋል ይቻላል። ባጃጅ በኮንትራት ያዝ፤ ሾፌሩን ቀስ በል ማለት አትፈር።

ጀልባ ከፈለጉ ጠዋት ይሁን፣ ከሰዓት ነፋስ ይነሳና ሐይቁ ይናወጣል። ዘጌ ሩቅ ነው፣ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደውም ዳገት አለው። ቅርብ የሆነችውን ደብረ ማርያምን ምረጥ። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባበትም፤ አያትህ ሴት ከሆኑ ሄደው ጀልባ ላይ እንዳይቀሩ። ወደ ጀልባው የሚወጣበትን ቦታ ቀድመህ እየው፤ የሚናወጥ ሳንቃ ከሆነ ሌላ መውጫ ጠይቅ።

በግንቦት 2016 የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ግን እንዳያልፋቸው። 380 ሜትር ነው፣ የእግረኛ መንገድ አለው፤ ባጃጁ አንዱ ጫፍ ላይ አውርዷችሁ ሌላው ጫፍ ላይ ይጠብቃችሁ፣ እሳቸው በልካቸው እየቆሙ ዓባይን ያዩታል። ከደከማቸው ግማሽ ላይ ተመለሱና ለሾፌሩ ደውልለት። ጢስ ዓባይን ለዚህ ጊዜ ተወው። ፏፏቴው ጋ ለመድረስ ድንጋያማ መንገድ በእግር አለ፣ ለእሳቸው አይሆንም።